የብርጓል ያልገባችበት ቤት

የብርጓል አንሙት ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ቤቷ የፊት ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ሥራውን ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። የተማሪ ደንብ ልብስ፣ የሙሽራ አጃቢ ቀሚስ፣ የቄስ ቀሚስ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። እጇ ቀና ነው፤ ዓይኗም ገና አልደከመም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት። እግሯ መርገጫውን እየረገጠ፣ ጨርቁም ከመርፌው ሥር እየሮጠ ሳለ ሐሳቧ ብድግ ብሎ ይወጣና ሌላ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ የስፌት መኪናው ቀስ ይላል፤ ቆይቶም ጭራሽ ይቆማል። ልጇ ሶልያና ከጓዳ ሆና ድምፁ ሲጠፋባት «እማዬ ሄደች!» ትላለች።

የምትሄደው ደምበጫ ነበር። ደምበጫ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ከመደብሩም በላይ አንድ ፎቅ ቤት የሠራ መሳፍንት የሚባል ሰው አለ። የብርጓል በሐሳቧ የዚህ ሰው ሚስት ናት። ከተጋቡ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው። መሳፍንት ራሱ ግን ይህን አያውቅም።

እውነተኛው ባሏ አገኘሁ ይባላል፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከግቢ ግቢ ሲዞር የኖረ ስለሆነ የከተማው ውሾች በሙሉ ያውቁታል፤ እሱም እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠራቸዋል። ዝምተኛ ነው። ሲበላ ቀስ ይላል፤ ሲናገርም እንደዚያው። ቤቱ ሲያፈስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በሬንጅ ይደፍናል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይገኛል። የብርጓል ከታች መሰላሉን ይዛ ቆማ «መሳፍንት ቤት እንኳን ጣሪያው አያፈስም» ትላለች፣ በልቧ።

ነገሩ የተጀመረው በልጅነቷ ነው። የተወለደችው ሮብ ገበያ አጠገብ፣ የጮቄ ብርድ ቁልቁል በሚወርድበት መንደር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው አባቷን አቶ አንሙትን ሊያነጋግሩ መጡ። አንደኛው የመሳፍንት አጎት መሆኑን በበሩ ቀዳዳ አየችና ልቧ ድው አለ። ድው ለማለትም ምክንያት ነበረው። ከሁለት ሳምንት በፊት ገበያ ውላ ስትመለስ ጭነቱ ከአህያዋ ላይ ተንሸራቶባት ነበር። መሳፍንት በመንገድ ሲያልፍ አየና ጆንያውን አንሥቶ ጫነላት፤ ገመዱን አጠበቀላት፤ «አይዞሽ» ብሎም ሄደ። የብርጓል ይህችን አንዲት ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታገላብጥ ሰንብታ ነበር፤ እናም ሽማግሎቹ ሲመጡ ጊዜ አልገረማትም።

እናቷ ቤት አልነበረችም። የብርጓል ማስታጠቢያውን በውሃ ሞልታ፣ እንግዶቹን ልታስታጥብ ጓዳው በር ላይ ደርሳ ቆመች፤ መግባት ግን አፈረች። ሽማግሎቹ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት፤ አንድም ቃል አይሰማም። አባቷ ግን ሲቆጣ ድምፁ ወንዝ የሚሻገር ሰው ነበር።

«አልሰጥም!» አለ አቶ አንሙት።

ሽማግሎቹ አጉረመረሙ።

«ገና አልደረሰችም እኮ! ለከርሞ ትድረስና ያን ጊዜ እንነጋገር።»

እንደገና ማጉረምረም።

«ደግሞስ ለእነዚያ ቤት? እዚያ ገብታ ዓመት ሳይሞላት አጥንቷ ነው የሚቀረው! አንዲት ናት ያለችኝ፤ ዓይኔ እያየ አልሰጥም!»

ሽማግሎቹ ተነሥተው ሄዱ። የብርጓል ማስታጠቢያውን እንደያዘች ጓዳ ቀረች፤ ውሃው እግሯ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን እንኳ አላወቀችም። አባትን «ምን ብለው መጡ?» ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመንና በዚያ ቤት ለሴት ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። አልጠየቀችም። አባቷም አልነገራት። ሌሎች ሁለት እኅቶች እያሏት «አንዲት ናት ያለችኝ» መባሉ የከነከናት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «ለካ አባቴ ከሁላችን አብልጦ ይወደኝ ነበር» ብላ አለቀሰች እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም።

በሁለተኛው ዓመት አገኘሁ የቦኖ ውሃ ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ወደ መንደሩ መጣ። አያት፤ ወደዳት፤ ሽማግሌ ላከ። አቶ አንሙት በአንድ ቀን እሺ አለ። ለመሳፍንት አልሰጥም ብሎ የጮኸ አባት፣ ለቧንቧ ቆፋሪ ያለ አንዳች ክርክር መስጠቱ የብርጓልን አስቀየማት። ቢሆንም ገባች፤ ኖረች፤ ወለደች።

ሐሳቧ ግን ከዚያች ከጓዳው በር አልተነቀለም። መኪናው ላይ በተቀመጠች ቁጥር ማስታጠቢያውን ይዛ ትወጣለች። ብትወጣ ኖሮ ሽማግሎቹ ያዩዋት ነበር። «አንሙት፣ ይህችን ነው አልደረሰችም የምትለን?» ይሉ ነበር። አባቷ ያፍርና እሺ ይላል። ከዚያ ሠርጉ፣ ከዚያ ደምበጫ፣ ከዚያ መደብሩ። መጀመሪያ ላይ መደብሩ አንድ በር ነበረው፤ በእርሷ ምክር ሁለት ሆነ። ልጆችም ተወለዱ። የበኩሩ ድረስ መሐንዲስ ነው፤ ተከታይዋ ወንጌላዊት ደግሞ ለሐኪምነት እየተማረች ነው። በዚያኛው ቤት የብርጓል ልብስ አትሰፋም፤ ይሰፋላታል እንጂ። ሰፊዋም ሁልጊዜ እጅጌውን ታበላሽባታለች።

የሚያስቀው ግን ያን ቤት እንኳ ሰላም አለመስጠቷ ነው። የብርጓል ከጠብ ውጭ መኖር የማትችል ሴት እንደሆነች ያወቀችው በሐሳቧ ነው። መጀመሪያ መሳፍንት አምሽቶ መግባት ጀመረ። ቀጥሎ ቆጣቢነቱ ወደ ንፉግነት ተለወጠ። አንድ ዓመት ጭራሽ ከመደብሩ ገንዘብ ያዥ ጋር ሲሳሳቅ ያዘችው። ኩም አለች። አንድ ሳምንት አኮረፈችው። እሱን አኩርፋ ሳለ አገኘሁ ከሥራ ይመለሳል፤ ሽሮው ቀዝቅዞ ይቀርብለታል።

«የብሬ፣ ምን አጠፋሁ?» አላት በአራተኛው ቀን።

«አንተማ ምን ታጠፋለህ» አለችው፤ ሌላ ሰው እንዳጠፋ በሚያስታውቅ ድምፅ። አገኘሁ ቀዝቃዛውን ሽሮ በላ።

እንዲህ እያለች አርባ ስድስት ዓመቷ ሆነ። አባቷ አረፈ፤ ሶልያና አድጋ የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የማታውቃት ሴት ናት።

«ወለላ እባላለሁ፤ ከደምበጫ ነው የምደውለው። ለደብራችን መዘምራን ልብስ ልናሰፋ ነበር። እዚያ ማርቆስ የሰፉላቸውን አይተን ወደድነው። ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ መጥተው ልክ ቢወስዱልን? ባለቤቴ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። መሳፍንት ይባላል፤ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ብለው ቢጠይቁ ማንም ያሳይዎታል።»

የብርጓል «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ መርፌውን ከጨርቁ አሳልፋ ጣቷ ውስጥ ሰካችው።

ልክ ሊወስድ የሚሄድ ሰው የፋሲካ ቀሚስ አይለብስም። የብርጓል ለበሰች። ሶልያና በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«እማዬ፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው» አለች የብርጓል፤ ሜትሯንና ደብተሯን በቦርሳዋ ከተተች።

መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበርና ሚኒባሱ በጊዜ ተነሣ። መንገዱን ሙሉ ንግግሯን ስታዘጋጅ ሄደች። መሳፍንት ሲያያት ክው ይላል። «የብርጓል… አንቺ ነሽ?» ይላል። እሷ ደግሞ ረጋ ብላ «ያለፈው አልፏል፤ ለሥራ ነው የመጣሁት» ትለዋለች። ይህን «ያለፈው አልፏል» የሚለውን በአምስት ዓይነት ድምፅ ሞከረችው። አምስተኛው ጥሩ ነበር።

ደምበጫ ገበያ ነበር። ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ ጆንያ የተሸከመው ሁሉ አንድ መንገድ ላይ ተጨናንቋል። መደብሩን አገኘችው። በሩ ሁለት ነው። «እኔ ነኝ ሁለት ያደረግኩት» ልትል ትንሽ ቀራት። ከውስጥ ቅንድቡ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ያረፈበት፣ ራሱ የተመለጠ፣ አጠር ያለ ሰው ወጣ። የብርጓል በትከሻው አሻግራ መሳፍንትን ፈለገች። ለካ እሱው ነው። ባለፉት ዓመታት በእርሷ እጅ አንድ ክንድ ያህል ረዝሞ ኖሯል።

«እንደምን አደሩ? ልብስ ሰፊዋ ነዎት?» አላት።

ክው አላለም። የብርጓል ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ በምትኩ ለብዙ ዓመት የታመቀው ቁጣ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጣ።

«ገንዘብ ያዥዋ ደህና ናት?» አለችው፤ ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ።

መሳፍንት ግራ ገባው። «ትሕትናን ነው? ደህና ናት። ያውቋታል እንዴ?»

ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ጠራኸኝ?»

የብርጓል በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጣት ትወድ ነበር። «አይ… በስልክ ሰምቻት መስሎኝ ነው» አለችና ሜትሯን ከቦርሳዋ መዛ አወጣች፤ ሌላ የምታደርገው ነገር ስላልነበረ።

መዘምራኑን በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንድ በአንድ ለካች። ሥራ ስትይዝ ትረጋጋለችና ሠላሳ ስምንቱንም ሳትሳሳት ጻፈች። ምሳ ሰዓት ላይ ወለላ መጥታ እጇን ይዛ ከመደብሩ በላይ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። ፊቷ ብሩህ፣ ወሬዋ የማያልቅ፣ እንግዳ የምትወድ ሴት ናት። የብርጓል ልትጠላት ፈልጋ ነበር፤ ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ ተሸነፈች።

«እጅ መታጠቢያው ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሳትጠብቅም ወደ ግራ ታጠፈች። በሐሳቧ ጓዳው በስተግራ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በስተግራ ነበር። በሩን ስትከፍተው የሽቦ ጥቅልና የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሮ አየች።

«በቀኝ ነው እታለም፣ ዕቃ ቤት ገባሽ!» ብላ ወለላ ሳቀች።

ሳሎኑ ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አንዲት መነኩሲት ቆብ ደፍተው ተቀምጠዋል፤ የመሳፍንት እናት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። የብርጓል ጉልበታቸውን ስማ ከወለላና ከመሳፍንት ጋር ማዕድ ቀረበች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአንሙት ነኝ እማሆይ፤ የሮብ ገበያው።»

«የትኛው አንሙት? የኮርማው አንሙት?»

«ኮርማ… አዎ፣ ኮርማ ነበረው።»

እማሆይ ቀና አሉ። ጥርስ ባይኖራቸውም ሳቃቸው ሙሉ ነበር። «አይ አንሙት! ነፍሱን ይማረውና! ያ ኮርማው የወንድሜን ፈረስ ወግቶ አልገደለውም መሰለሽ! ሦስት ሽማግሌ ብንልክበት በፈረሱ ፈንታ ያችን ቦቃ ጊደሩን አልሰጥም ብሎ ጮኸባቸው።»

የብርጓል ያነሣችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ።

«ምን ብሎ ጮኸ እማሆይ?» አለች።

«ገና አልደረሰችም አለ! ለከርሞ ትድረስ አለ! ይባስ ብሎ እኛን ከብት የማያበላ ሰው አድርጎን፣ እነዚያ ቤት ከገባች አጥንቷ ነው የሚቀረው አለ። አንዲት ናት ያለችኝ ብሎም አለቀሰ ብለውናል። ለጊደር የሚያለቅስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የብርጓል አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ እየሰጠመ የሚሄድ ሰው ቅርንጫፍ እንደሚይዝ አንድ ነገር ያዘች።

«ሽማግሎቹ… ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም? ሌላ የጠየቁት ነገር?»

«ሌላ ምን ይጠይቁ? በኋላም ሁለት በግ ሰጥቶ ታረቀን።»

«እኔ ያን ሰሞን ፍኖተ ሰላም ነበርኩ፣ ሥራ ፍለጋ» አለ መሳፍንት ወጥ እየጨመረላት። «ወሬውን እንኳ የሰማሁት ስመለስ ነው። እርስዎንም ያን ጊዜ አላውቅዎትም መሰለኝ?»

«በገበያ መንገድ አንድ ጊዜ ጭነት አንሥተውልኛል። አይዞሽ ብለው።»

መሳፍንት ቅንድቡን አኮማትሮ ለማስታወስ ሞከረ። ሰው አክባሪ ስለሆነ በደንብ ሞከረ። «እኔ አህያ ስጭን አይዞሽ የማለት ልማድ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ጭነት ሲከብዳት ታሳዝነኛለች።»

የብርጓል ሳቀች። መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወለላ ምክንያቱን ሳታውቅ አብራት ሳቀች፤ እማሆይም። መሳፍንት ብቻ ምን እንዳለ ሳይገባው እንጀራውን ይዞ ፈገግ አለ።

በመመለሻው ሚኒባስ ግን ሳቁ ለቀቃት። እንደ ሐዘንተኛ ተሰማት። ያ ሁሉ ቤት በአንድ ማዕድ ፈረሰ። መሐንዲሱ ድረስ ወዴት ይሄዳል? ወንጌላዊትስ ትምህርቷን ሳትጨርስ? ሰው ላልወለደው ልጅ እንዴት ሆዱ ይንሰፈሰፋል? «እኔ ጊደሪቱን ሆኜ ነው ሃያ ሰባት ዓመት የኖርኩት» አለች በሆዷ። አማኑኤል ከተማን ሲያልፉ ግን ሐሳቧ ቀስ ብሎ መሥራት ጀመረ። አባቷ ጊደሪቱን ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቤተሰቦች ይዋደዱ ነበር። ቢዋደዱ ኖሮ ለበዓል ይጠራሩ ነበር። መሳፍንት ከፍኖተ ሰላም ሲመለስ እሷ ጊደሪቱን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ እዚያ በረት አጠገብ ያያታል…

«አንቺ ሴትዮ፣ አታርፊም?» አለች ጮክ ብላ።

አጠገቧ የተቀመጠችው መንገደኛ ደነገጠች። «ምን አደረግኩ እናቴ?»

«አንቺን አይደለም ልጄ» አለችና ነጠላዋን ተከናነበች።

አገኘሁ ከሥራ ተመልሶ በረንዳ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘችው። ልትነግረው አላሰበችም፤ ሆኖም አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። ማስታጠቢያውን፣ መደብሩን፣ ልጆቹን፣ ገንዘብ ያዥዋን፣ ጊደሪቱን፣ አህያዋን። አገኘሁ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሰማ። ገንዘብ ያዥዋ ላይ ስትደርስ ብቻ አቋረጣት።

«ያ ቀዝቃዛ ሽሮ የዚያ ሳምንት ነበር?»

«የዚያ ሳምንት ነው።»

«እሺ፣ ቀጥይ።»

ስትጨርስ ይስቅብኛል ወይም ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ለሁለቱም ተዘጋጅታ ነበር። አገኘሁ ግን ጫማውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«በዚያኛው ቤት እኔ ምን ሆንኩ?»

የብርጓል አፏን ከፈተች። ለሌለች ሰፊ እንኳ የሚበላሽ እጅጌ ሰጥታለች፤ ይህ ሰው ግን የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበላው አንድ ቀን አስባ አታውቅም። ፊቷ ጋለ።

«ቆጣሪ ልታነብ ትመጣለህ» አለች፤ እዚያው ፈጥራ።

«ደምበጫ?»

«ተዛውረህ።»

«አግብቻለሁ?»

«አላገባህም።» ይህን በጣም ፈጥና ነው ያለችው።

«ውሻ አላችሁ?»

«አለን። ትልቅ ነው።»

«ታሥሪልኛለሽ?»

«አሥራለሁ እንጂ» አለች የብርጓል። «ውሃም አጠጣሃለሁ። ቆጣሪውን ቶሎ እንዳትጨርስ አወራሃለሁ።»

አገኘሁ ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ የበቃው ይመስላል። ከዚያ ነው መሳቅ የጀመረው፤ «አጥንቷ ነው የሚቀረው» እያለ። ከሳምንት በኋላም ቆጣሪ እያነበበ ድንገት ሲስቅ ሰዎች አይተውታል።

ልብሶቹ ለደብሩ ዓመታዊ በዓል ደረሱ። ወለላ «ሁላችሁም ካልመጣችሁ» ብላ ስላስቸገረች የብርጓልና አገኘሁ አብረው ወረዱ። መዘምራኑ በአዲሱ ልብስ ሲወጡ አንድ እጅጌ እንኳ አልተዛነፈም። ከቅዳሴ በኋላ በመሳፍንት ቤት ምሳ ተበላ። አገኘሁና መሳፍንት ስለ ቧንቧ ማውራት ጀመሩ፤ የቱ ዝገት ይችላል፣ የቱ ግፊት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ ምሳው ተነሥቶም አላለቀላቸውም። የብርጓል ሁለቱን ከሩቅ አየቻቸው፤ ከሁለቱም የትኛውን ብታገባ ስለ ቧንቧ ስትሰማ መኖሯ አይቀርላትም ነበር።

ወለላ አንዱን የመዘምራን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ዘምዘማውን በጣቷ ትዳስሳለች።

«እኔ እኮ ስፌት ልማር ብዬ አባቴ ከለከለኝ» አለች። «ተምሬ ቢሆን ኖሮ፣ የራሴ ክፍል፣ የራሴ መኪና… አንዳንዴ መደብር ውስጥ ሚስማር እየመዘንኩ ሳስበው እውል ነበር። አሁን ረፍዷል።»

የብርጓል ልብሱን ከእጇ ወስዳ ገለበጠችው። «ቀጥ ያለ መስመር ለመስፋት ሁለት ቀን ይበቃል» አለች። «እጅጌ ትንሽ ያስቸግራል። ማክሰኞ ነይ፤ ጨርቅ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ የሚበላሽ ጨርቅ እኔ ጋ ሞልቷል።»